ዋስና ቁራኛ

አዳማ
ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ ስለ ሰላምታ

ውድ ልጄ ኤቢሴ ገመዳ፣

አካም ጅርታ? ብርዱ እንዴት ይዞሻል? እዚህ ያለነው ሁላችንም፣ ማለትም እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገንና ደህና ነን። ከአዳማ ነፋስ በቀር የሚገፋን የለም።

የመስከረም ደብዳቤሽ ባለፈው ሳምንት ደረሰኝ። በመሥሪያ ቤቱ ፖስታ ሣጥን ውስጥ ያገኘሁት እሱን ብቻ ነው። ድሮ ሣጥኑ ጢም ብሎ ስለሚሞላ ዘንቢል ይዤ ነበር የምሄደው። ዛሬ አለቃም ምንዝርም የሚጻጻፈው በቴሌግራም ስለሆነ መዝገብ ቤት ማለት እኔና ጸጥታው ነን። ደብዳቤሽን እንደ ደንቡ ቁጥር ሰጥቼ ፋይል ልከፍትለት አሰብኩና፣ የዘመድ ነገር ነው ብዬ ደረት ኪሴ ከተትኩት።

አልደብቅሽም፣ ካቻምና አባትሽ ገመዳ አንቺን አስከትሎ ከቡልቡላ ሲመጣ ማን እንደሆናችሁ አላወቅሁም ነበር። «መንግሥት ልጄን ሆላንድ ሊያስተምራት ነው፤ ግን ደሞዝተኛ ዋስ ካላመጣች አትሄድም አሉ፤ በዘራችን ደሞዝ የሚበላ አንተ ብቻ ነህ» ብሎ ተቀመጠና፣ የእናትሽ የየሺዓለም አያትና የእኔ አያት ወንድማማቾች መሆናቸውን አንድ በአንድ ቆጠረልኝ። እሱ ባይቆጥርልኝ የማላውቀው ዝምድና ነው። አንቺ ከኋላው ቆመሽ ጫማሽን ታያለሽ። ያን ጊዜ ነው «በስልክ የሚወራ ነፋስ ይወስደዋል፤ በወረቀት የምትጽፊልኝ ከሆነ እፈርማለሁ» ያልኩሽ። ቃልሽን ጠብቀሻልና ተባረኪ።

ባለቤቴ ዘርፉ አሁንም ሻሸመኔ ናት። ልጃችን ሊዲ መንታ ስትገላገል ለማረስ ሄዳ እዚያው ቀረች። የሊዲ ባል የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ከሞያሌ መጣ ሲሉት ጅቡቲ ነው። ሁለት ሕፃን ለአንድ ሴት ጥሎ መምጣት አይሆንላትም፣ አልፈርድባትም። እኔም ወደ ሻሸመኔው ቅርንጫፍ ዝውውር ጠይቄአለሁ። ክፍት ቦታ አለ። ፈቃዱን የያዘው አንድ የፊርማ ጉዳይ ነው፤ ሐምሌ ላይ አንቺ ስትመጪ የሚፈታ ስለሆነ አታስቢበት።

አንድ ጥያቄ አለኝ። አገራችን አንቺ በምትማሪው በኳንተም ቴክኖሎጂ «ከተከታይነት ወደ መሪነት» ልትሸጋገር ነው ብሎ ቴሌቪዥኑ ሲናገር የቢሮው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ዋሷ አንተ አይደለህም ወይ፣ ንገረን አሉኝ። ጉሮሮዬን ጠራርጌ «ረቂቅ ነገር ነው» አልኩና ወጣሁ። እስቲ በሚገባኝ ቋንቋ አስረጂኝ።

አባትሽ ደህና ነው፤ ሽንኩርቱ ዘንድሮ ይዞለታል።

የሚያስብልሽ፣
አለማየሁ


ዴልፍት፣ ሆላንድ
ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ አለማየሁ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የጌታ ሰላም ከእርስዎና ከእትዬ ዘርፉ ጋር ይሁን። እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ። ፀሐይ ካየሁ ግን ሰንብቻለሁ።

በእጅ ስጽፍ መጀመሪያ ጣቴን ያመኝ ነበር። አሁን ግን የምጽፍልዎን ቀን በጉጉት እጠብቃለሁ፤ እዚህ አገር ከዚህ ወረቀት ውጭ አማርኛም ሆነ ኦሮምኛ የማወራው ሰው የለኝም። በላቦራቶሪያችን ምሳ የሚበላው እያንዳንዱ በኮምፒውተሩ ፊት ነው። የመጣሁ ሰሞን ዳቦዬን አውጥቼ አጠገቤ ለተቀመጠው ልጅ «እንብላ» አልኩት፣ በእነሱ ቋንቋ። ዳቦዬን አየ፣ የራሱን አየ፣ «አመሰግናለሁ፣ የራሴ አለኝ» አለኝ። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣብኝ። ከዚያ ወዲህ ለማንም እንብላ አልልም። በአፌ እንኳ ባልል ሆዴ ይለዋል።

እዚህ ሱቅ ውስጥ የባቱ ጽጌረዳ ይሸጣል። ታናሽ እህቴ እዚያ ግሪንሃውስ ውስጥ አበባ ትቆርጣለች። አላፊ አግዳሚው እያየኝ እሷ የቆረጠችው የቱ ይሆን እያልኩ እቆማለሁ።

ስለጠየቁኝ ነገር። ብርሃንም ጉልበትም እንደ ውኃ ሳይቋረጥ የሚፈስ ይመስለናል። ጠጋ ብለው ቢያዩት ግን እንደ ጤፍ ፍሬ ነው፣ ከፍሬዋ ያነሰ መስፈር አይቻልም። የዚያች ፍሬ ስም ነው ኳንተም። የፍሬዎቹ ጠባይ ደግሞ ከእኛ ጠባይ የተለየ ነው። ያንን ጠባይ የገራ አገር፣ ሰው የማይሰርቀው ምስጢር ይልካል፣ ሌላው ዓመት የሚፈጅበትን ስሌት ባጭር ጊዜ ይሠራል፣ ከምድር በታች ያለውን ሳይቆፍር ይለካል። እኛን ስድስታችንን ወደተለያየ አገር የላኩን ለዚህ ነው። ስንመለስ አዳማ ላይ የሚሠራውን ማዕከል እንከፍታለን ተብሏል።

አሁን የአገራችን የኳንተም ስትራቴጂ በአማርኛ እየተጻፈ ስለሆነ አዘጋጅ ኮሚቴው ለእያንዳንዳችን የምንተረጉመውን ቃል አከፋፍሎናል። ለእኔ የደረሰኝ ከባድ ነው። ሁለት ቅንጣቶች አንድ ላይ ይወለዱና ይለያያሉ። አንዷ አዳማ ሌላዋ ዴልፍት ብትሆን እንኳ የአንዷን ሁኔታ ሲለኩ የሌላዋም አብሮ ይታወቃል። ግን ሰው ሁሉ እንደሚሳሳተው መልእክት አይላላኩም። አንዷ ለሌላዋ ምንም አትነግራትም። ይህን መተሳሰር ምን ብዬ ልጥራው? «ጥልፍልፎሽ» አልኩና ራሴ ሳቅሁ። እርስዎ የድሮ አማርኛ ያውቃሉ፣ ይርዱኝ።

ደግሞ ጊዜ ካገኙ ማዕከሉ የሚሠራበትን ቦታ ሄደው ያዩልኝ። ወደ ሶደሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው አሉ።

አክባሪዎ ልጅዎ፣
ኤቢሴ


አዳማ
ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ ስለ ቃልና ስለ መሬት መንቀጥቀጥ

ውድ ኤቢሴ፣

ገናን እንዴት ዋልሽ? የእኔስ አለፈ። ዘርፉ ልትመጣ ነበር፣ አንዱን ሕፃን አተኮሰውና ቀረች። ዶሮ ገዝቼ ማን እንደሚሠራት ስላላወቅሁ ለጎረቤት ሰጥቼ ወጡን ተጋበዝኩ። የራሴን ዶሮ እንግዳ ሆኜ በላሁ ማለት ነው።

ሰምተሽ ይሆናል፣ በመተሐራ በኩል መሬቱ አላርፍ ብሏል። እኛም ዘንድ ይደርሳል። አንድ ቀን ከሥራ መልስ ግድግዳው ሲንገጫገጭ ተከራዩ ሁሉ ወደ ግቢ ወጣ። ሰው ሁሉ የራሱን አቅፏል፤ እናት ልጇን፣ ባል ሚስቱን። ቆይቼ ራሴን ሳየው ሬዲዮዬን አቅፌ ቆሜአለሁ። እንዴት እንዳነሳሁት አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ጎረቤቶቼ «ባለ ሬዲዮው» ይሉኛል።

ወደ ቃልሽ ልግባ። ሳነበው ወዲያው የመጣልኝ ቁራኛ ነው። ድሮ ሁለት ሰዎች ሲካሰሱ የከሳሹና የተከሳሹ ጋቢ ጫፍ ለጫፍ ይቋጠርና ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ አብረው ይሄዳሉ። አንዱ ሲነሳ ሌላው ይነሳል፣ አንዱ የት እንዳለ ካወቅሽ ሌላውን መፈለግ የለብሽም። የእኔ አያት፣ ማለትም የእናትሽ አያት ወንድም፣ በድንበር ተጣልቶ ከባላጋራው ጋር እንደዚያ ተቆራኝቶ ሄዷል። በመንገድ ላይ አንድም ቃል አልተነጋገርንም ይል ነበር። መልእክት አይላላኩም ብለሽ የለ? ዳኛው ሲፈቷቸው ታርቀው አበልጅ ሆኑ። ስለዚህ ቃልሽ ቁራኛ ነው፣ ሁለቱ ቅንጣቶችሽ አንዷ የሌላዋ ቁራኛ። ዘርፉም በስልክ ስትቆጣኝ «አንተ እኮ የሰው ልጅ ቁራኛ ሆነህ ቀረህ» ትለኛለች፤ ቃሉ አልሞተም ማለት ነው።

ቦታውን ቅዳሜ በባጃጅ ሄጄ አይቼዋለሁ። ሰፊ ነው። አጥር አለው። ዘበኛም አለው፤ ኑሬ የሚባል ጨዋ ሰው ነው፣ ሻይ ጋብዞኛል። ከአዋሽ በኩል የሚመጣው አየር ተስማሚ ነው። ቀሪውን ሌላ ጊዜ።

አለማየሁ


ዴልፍት
የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ አለማየሁ፣

እንደምን ሰነበቱ? በመሬቱ ነገር ልቤ ተሰቅሎ ነው የከረመው። ይመስገነው፣ እናቴ ቡልቡላ ሰላም ነው አለችኝ።

ስለ ሬዲዮው ያጫወቱኝ ከራሴ አልወጣ አለ። በመጀመሪያ ሳቅሁ፣ ከዚያ ሳልተኛ አደርኩ። በማግስቱ ለኮሚቴው ረጅም ጽሑፍ ላክሁ። መሪነት መሪነት ይላል ስትራቴጂው በየገጹ። በምኑ ነው የምንመራው? ሌሎች ቀድመውን በሄዱበት ኮምፒውተር ከሆነ የምናየው ጀርባቸውን ነው። እዚህ ግን ቀዝቃዛ አቶሞችን ወደ ታች ጥሎ የመሬትን ስበት የሚመዝን መሣሪያ አለ፤ ከሥር የቀለጠ ድንጋይ ሲንቀሳቀስ ስበቱ ስለሚለወጥ ያውቀዋል። ስምጥ ሸለቆ ላይ የተቀመጥን እኛ ካልጀመርነው ማን ይጀምረዋል? ይህንኑ ጻፍኩ። «እናየዋለን» ብለው መለሱልኝ።

ቃልዎ ግን ወደቀ። ሰብሳቢው «ቁራኛ ሲባል ሕዝቡ የሚያስበው የአልጋ ቁራኛ ነው፤ ስትራቴጂው ታመመ ያሰኘናል» አሉ። ተከራከርኩ፣ በበይነ መረብ ስብሰባ ላይ የአያትዎን ጋቢ ሳይቀር ተረክሁላቸው። በመጨረሻ «ቁርኝት» በሚል ተስማሙ። ቢያንስ ከአንድ ሥር ነው።

አሁን ትልቁ ነገር። ፕሮፌሰሬ በዚያው በስበት መሣሪያ ላይ ለዶክትሬት አራት ዓመት እንድቆይ ጠየቀኝ። ከአገር ቤት ማራዘሚያ ማግኘት ይቻላል ይላሉ። እስከ ሚያዝያ መጨረሻ መልስ መስጠት አለብኝ። የላከኝን መሥሪያ ቤት ስጠይቅ «ግንባታው በመፋጠን ላይ ነው፣ በሐምሌ ትረከባላችሁ» የሚል ኢሜይል መጣልኝ። እርስዎም ሰፊ ነው፣ አጥርና ዘበኛ አለው ብለውኛል። እኔ ደግሞ ከኢሜይሉ ይልቅ የእርስዎን ዓይን አምናለሁ። ግድግዳው ቆሟል? ጣሪያ ለብሷል? አዎ ካሉኝ ፕሮፌሰሩን አመስግኜ በሐምሌ እመጣለሁ። የለም ካሉኝ እቆያለሁ። በእርስዎ ቃል እወስናለሁ።

ደግሞ እትዬ ዘርፉ «የሰው ልጅ ቁራኛ» ያሉዎት፣ የማን?

ኤቢሴ


አዳማ
ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ እውነቱን ስለመግለጽ

ውድ ልጄ ኤቢሴ፣

መልሴ ስለዘገየ ይቅር በይኝ። ፖስታ ቤቱን አትውቀሺ፣ የዘገየሁት እኔ ነኝ። «አራት ዓመት» የሚለውን ቃል ካነበብኩ በኋላ ደጋግሜ ጀምሬ ደጋግሜ ቀደድኩት። አንዱን እንዲያውም «አዎ፣ ቆሟል» ብዬ ጽፌ፣ ፖስታውን ለጥፌ፣ እስከ ፖስታ ቤቱ በር ሄጄ ነበር። በሩ ላይ አንድ የማውቀው ሰው ሰላም አለኝ፣ ሰላምታውን እንኳ አጥርቼ መመለስ አቃተኝ። ተመለስኩ።

የቆመ ግድግዳ የለም። የተቆፈረ መሠረትም የለም። ያለው የባሕር ዛፍ አጥር ነው፣ ውስጡም ሽንኩርት። ኑሬ ባዶ መሬት ከሚያድር ብሎ ተክሎታል፤ አባትሽ ቢያየው የሚመርቀው ሽንኩርት ነው። «የብሔራዊ ኳንተም ቴክኖሎጂ የልህቀት ማዕከል ግንባታ ቦታ» የሚለውን ትልቅ ሰሌዳ ነፋሱ ጥሎት ኑሬ የጎጆው ጣሪያ አድርጎታል። ሻይ የጠጣነው እሱ ሥር ተቀምጠን ነው። ሰሌዳው ላይ የተሳለውን ባለ መስታወት ሕንፃ ተንጋልዬ አየሁት፣ በእውነት ያምራል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ቦታው ሰፊ ነው ስልሽ አልዋሸሁም። ግን አንቺ ምን እንደምትረጂ እያወቅሁ ነው የጻፍኩት፤ ያም ከውሸት አይሻልም።

የስትራቴጂውን ሰነድ አንብቤዋለሁ፣ ለቢሯችን ግልባጭ መጥቷል። የጻፉት ሰዎች የሚያውቁ ናቸው፣ ሐሳቡም የሚናቅ አይደለም። እኔ ግን ዕድሜዬን በሙሉ ወረቀት ስቀበል ኖሬ ያየሁት፣ ወረቀት ሁልጊዜ ከሰውና ከሲሚንቶ ቀድሞ እንደሚደርስ ነው። አንቺ ሲሚንቶው እስኪደርስ ተማሪ። ቆዪ።

ዘርፉ ያለችውን የባልና ሚስት ጨዋታ አድርገሽ ተይው። ዝውውሩንም ትቼዋለሁ። የሻሸመኔ ብርድ ለጉልበቴ አይስማማም።

መልካም ፋሲካ ይሁንልሽ።

አለማየሁ


ዴልፍት
ሚያዝያ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ አለማየሁ፣

ዛሬ የሰላምታ ወግ የለኝም፣ ተቆጥቻለሁ።

ለፋሲካ እንኳን አደረሳችሁ ልል ሊዲ ጋ ደወልኩ። የአባትሽ ጉልበት እንዴት ነው፣ ዝውውሩንስ በብርዱ ምክንያት ተወው? ስላት፣ «ምን ብርድ? ያንቺ ዋስ ስለሆነ አይደለም ወይ የማይለቁት?» አለችኝ። ውሉ ላይ ዋስ የሆነ ሠራተኛ፣ የዋሰው ተማሪ ተመልሶ ሥራ እስኪጀምር ከቦታው አይነቃነቅም ይላል አለች። እኔም ፈርሜበታለሁ። ስፈርም ያየሁት የሆላንድን ስም ብቻ ነበር።

ከጀርባ የእትዬ ዘርፉ ድምፅ ይሰማኛል። «ስጪኝ፣ ስጪኝ» አሉ። ስልኩን ተቀበሉና «ልጄ፣ ክፉ አልተመኘሁልሽም። ተማሪ፣ እደጊ። ግን ባሌን መልሺልኝ» አሉኝ። ሌላ ነገር አልተናገሩም። አንዱ ሕፃን አለቀሰና ሄዱ።

እንዴት እንዲህ ያደርጋሉ? እኔ ከዚህ ሆኜ «በእርስዎ ቃል እወስናለሁ» እያልኩ ስጽፍ፣ እርስዎ ከዚያ ሆነው በራስዎ ላይ በገዛ እጅዎ አራት ዓመት ሲፈርዱ! የእናቴ አያትና የእርስዎ አያት ወንድማማች ስለሆኑ ብቻ? ይህንን ያህል እኮ የሥጋ ወንድምም አይሸከምም።

ለፕሮፌሰሩ መልስ ሰጥቻለሁ። እዚያ ቦታ ላይ ሽንኩርት እንጂ ሕንፃ እንደሌለ አውቄ ነው የምመጣው፣ ማንም አላታለለኝም። ለእርስዎ ብዬ አይደለም ብል ውሸት ነው። ለእርስዎ ብዬ ነው። መሬቱ ደግሞ ሕንፃ እስኪሠራለት አይጠብቅም፣ መንቀጥቀጡን ቀጥሏል። አንድ ሰው ከጀመረ ሌላው ይከተላል ብዬ አስባለሁ።

በሐምሌ እንገናኝ።

ኤቢሴ


አዳማ
ግንቦት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ ጥያቄሽ ተቀባይነት ያላገኘ ስለመሆኑ

ኤቢሴ፣

በቀን 28/8/2017 በተጻፈ ደብዳቤ ለመመለስ ያቀረብሽው ሐሳብ በመዝገብ ቤቱ ተመርምሮ ውድቅ ሆኗል። ይግባኝ የለውም።

ቀልዱን እዚህ ላይ ላቁም። ልጄ፣ ዋስ የሆንኩት እንድትሄጂ ነው። አንዲት የቡልቡላ ልጅ መሬትን የሚመዝን ነገር ስትማር የእኔ ስም በግርጌ መኖሩ ያኮራኝ ነበር። ቢሮ ውስጥ በኳንተም የሚቀልዱብኝን እንኳ እወደው ነበር። ይህን አታጥፊብኝ።

ብቻዬን መኖር ለምጃለሁ ልልሽ ነበር። አልለመድኩም። ሽሮዬ ሁልጊዜ ያርራል፣ ማታ በሩን ስከፍት «ማነው?» የሚለኝ የለም። ግን የእኔ ዕድሜ የሚቀረው ጥቂት ነው፣ ጡረታ ራሱ መጥቶ ይፈታኛል። ያንቺ ገና ነው። ዘርፉን እኔ አስረዳታለሁ፣ ሠላሳ ዓመት ያስረዳኋት ሴት ናት፣ አልፎ አልፎም ሰምታኝ ታውቃለች።

ሄደሽ ፕሮፌሰሩን «ተሳስቼ ነበር» በይው። እለምንሻለሁ፣ አትምጪ።

አለማየሁ


ሻሸመኔ
ጥቅምት 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ኤቢሴ፣

እንደምን አለሽ? እኛ ሁላችን ደህና ነን፣ ዘርፉም፣ ሊዲም፣ ሁለቱ ጎረምሶችም። ይህን የምጽፈው አንዱ እግሬ ላይ ተቀምጦ ሌላው እስክሪብቶዬን እየቀማኝ ስለሆነ ለጽሕፈቴ ይቅርታ። ከታች ያለው መስመር የእሱ ፊርማ ነው።

ሐምሌ ላይ አውቶቡስ ተራ ቆመሽ ሳይሽ መሳደብ ፈልጌ ነበር፣ ሻንጣሽን ተቀበልኩ። እኔ የለቀቅሁትን ቤት ስለተከራየሽው ደስ ብሎኛል፤ የጓዳው መስኮት ነፋስ ያስገባል፣ ጨርቅ ጠቅጥቂበት። ዝውውሬ በሳምንት አለቀ፤ አንቺ «ሥራ ጀምራለች» የሚል ወረቀት ላይ ስትፈርሚ ነገሩ ሁሉ ተፈታ። እዚህ ብርዱም ቢሆን ለጉልበቴ የሚስማማ ሆኖ ተገኘ።

ማዕከሉስ? ጓደኞችሽስ መጡ? ብዙ የምጽፈው ነበረኝ፣ ዘርፉ ምሳ ቀረበ እያለች ነው። እነዚህም ተነሱብኝ

አለማየሁ


አዳማ
የካቲት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ጋሼ አለማየሁ፣

ለእርስዎ፣ ለእትዬ ዘርፉ፣ ለሊዲና ለመንታዎቹ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። እኔ ጤናዬ ደህና ነው።

ጓደኞቼ አልመጡም። ከስድስታችን የተመለስኩት እኔ ብቻ ነኝ። ማንንም አልወቅስም፣ እነሱም እንደ እርስዎ ቦታውን አይቶ እውነቱን የሚነግራቸው ሰው አግኝተው ይሆናል። ባለፈው ሰሞን በአንድ ትልቅ ስብሰባ ላይ አስተዋዋቂው «አሁን ብሔራዊ የኳንተም ቡድናችንን ወደ መድረክ እንጋብዛለን» አለ። ተነስቼ ወጣሁ። ሰው እያጨበጨበ ከኋላዬ የሚመጡትን ይጠብቃል። ጭብጨባው እየሳሳ ሄዶ ሲቆም እኔ ገና ደረጃው ላይ ነበርኩ። መሪም ተመሪም እኔው ነኝ።

ስትራቴጂው ጸድቋል። ስለ ስበት መሣሪያው የጻፍኩት አንቀጽ ገብቷል፣ አንድ ቃል እንኳ አልተነካም። መሣሪያው ግን «በሂደት ላይ» ነው። እስከዚያው ወንበር የተሰጠኝ የት ይመስልዎታል? መዝገብ ቤት። እርስዎ ከለቀቁት ወዲህ ክፍሉ ባዶ ስለሆነ «ለጊዜው» አሉኝ። ጠዋት ጠዋት የመሬቱን መረጃ ከውጭ ጣቢያዎች እየወሰድኩ በኮምፒውተር አሰላለሁ። የምሠራው ሥራ እውነተኛ ሥራ ነው፣ ይህን እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ። ስሌቱ የደረሰበትን የማሳየው ሰው ነው ያጣሁት። ጥሩ ውጤት ያገኘሁ ቀን ተነስቼ ኮሪደሩን ዞሬ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ቡልቡላም እሄዳለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ ተባርራ ነው የመጣችው ይላል፤ ከሆላንድ በፈቃዱ የሚመለስ ሰው አለ ብሎ የሚያምን የለም። አባቴ ይከራከርልኛል። እናቴ ግን አንድ ቀን ብቻችንን ስንሆን ቀስ ብላ «ለእኔ እንኳ እውነቱን ንገሪኝ፤ ምን አጥፍተሽ ነው?» አለችኝ።

ግንቦት ላይ የጻፉልኝን «አትምጪ» የሚለውን ደብዳቤ አነበብኩት። ዴልፍት ሲደርስ እኔ ቤት ለቅቄ ስለነበር ብዙ ዞሮ ዞሮ፣ «ተቀባዩ የለም» ተብሎበት ወደዚሁ ወደ መሥሪያ ቤቱ ፖስታ ሣጥን ተመለሰ። ሣጥኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ። በሰዓቱ ቢደርሰኝ ኖሮ ምን አደርግ ነበር እያልኩ ራሴን እጠይቃለሁ። አልጸጸትም ብል አያምኑኝም። አንዳንድ ቀን ይጸጽተኛል። አንዳንድ ቀን ደግሞ እትዬ ዘርፉ በስልክ ውስጥ ሲስቁ እሰማለሁ፣ ያን ቀን አይጸጽተኝም።

ስደውል በጩኸቱ መሐል «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ» ተባብለን እንዘጋለን። ከጥቅምት ወዲህ አንድም ደብዳቤ አልጻፉልኝም። በመጀመሪያ ተቀየምኩ። ሣጥኑን በየቀኑ ነበር የማየው፣ ከዚያ በየሳምንቱ ሆነ። ኋላ ነው የገባኝ። ቤቱ ሰው የሞላበት ሰው ወረቀት ላይ የሚያወራው ነገር አይተርፈውም። ዝም ማለትዎ ደህና መሆንዎን ነገረኝ፤ እኔም የመጣሁት ለዚሁ ነበር። ደስ ብሎኛል ጋሼ፣ ከልቤ ነው የምልዎ።

ስለዚህ ለዚህ ደብዳቤ መልስ አያስቡበት። ልጆቹን ያጫውቱ፣ ምሳው ሳይቀዘቅዝ ይብሉ። እኔ ግን መጻፌን አልተውም። አዳማ ውስጥ ሌላ የማወራው ሰው የለኝም።

ልጅዎ፣
ኤቢሴ